ባንክ ሲዋሃድ ወይም ሲሸጥ ለኃላፊዎች የሚከፈለው የስንብት ገንዘብ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነጋዴው ከትርፉ ቆርሶ፣ መምህሩ ከቁጠባ ማኅበሩ ተበድሮ፣ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰችው እህት ከላከችው ላይ ተርፎ የተገዛ አክሲዮን በየቤቱ አለ። እነዚህ ባለአክሲዮኖች ስለ ባንኮች ውህደት የሚወራውን ሲሰሙ አስቀድመው የሚጠይቁት የአክሲዮናቸውን ዋጋ ነው፤ ተገቢም ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ግን በቅርቡ ከዚያ አልፈው ጠየቁኝ፦ «እኛ ድርሻችን ስንት እንደሚሆን ሳናውቅ፣ ባንኩ ቢሸጥ ፕሬዚዳንቱ የሁለትና የሦስት ዓመት ደመወዝ ይዞ ይወጣል አሉኝ። ይሄ ነገር ሕግ ነው ወይስ ዘረፋ?» እኔም «ሐጂ፣ ይሄ በውል የሚመጣ ነገር ነው። ዘረፋ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ውሉ ሲነበብ ነው» አልኳቸው። መልሱ አላረካቸውም፤ አጭር መልስ ለዚህ ጉዳይ አይበቃምና ከዚህ በታች ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ጥያቄው አሁን የተነሣው ያለምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ ነባሮቹ ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲያሟሉ የጊዜ ገደብ ሰጣቸው። ይህን ለማሟላት የሚቸገር ባንክ አዲስ አክሲዮን ከመሸጥ ሌላ የሚቀረው ሰፊ መንገድ ከሌላ ባንክ ጋር መዋሃድ ነው። በላዩ ላይ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 የውጭ ባለሀብቶች ወደ ዘርፉ እንዲገቡ ፈቀደ። ከዚህ በፊት ያየናቸው የባንክ ውህደቶች በመንግሥት ትእዛዝ የተፈጸሙ ነበሩ፤ በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ተወረሱ፤ በ1972 ዓ.ም. አዲስ ባንክ ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቀለለ። መንግሥት አንዱን የራሱን ባንክ በሌላው የራሱ ባንክ ውስጥ ሲከት ስለ ሥራ አስኪያጁ ስንብት የሚደራደር ሰው አልነበረም። ስለዚህ አሁን የሚነሣው ጉዳይ ለቦርዱም፣ ለሠራተኛውም፣ ለባለአክሲዮኑም አዲስ ነው።

ኃላፊው የሚያገኘው ገንዘብ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ለማለት በቅድሚያ ተራው ሠራተኛ በሕግ የሚያገኘውን ማወቅ ይረዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 16 እና በአንቀጽ 23 እንደሚለው የድርጅት መቀላቀል፣ መከፈል ወይም ወደ ሌላ ባለቤት መተላለፍ የሥራ ውልን አይለውጥም፣ አያቋርጥምም። ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ የሚሠራ ገንዘብ ተቀባይ ባንኩ ስሙን ቢቀይርም ውሉ እንዳለ ይቀጥላል ማለት ነው። ከውህደቱ በኋላ በሕጉ መሠረት የሠራተኛ ቅነሳ ከተደረገ ግን የስንብት ክፍያ ይከተላል፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ፤ በቅነሳ ምክንያት ለሚሰናበት ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። በወር 18,000 ብር የሚከፈለውና 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛን እንውሰድ። ለመጀመሪያው ዓመት 18,000፣ ለቀሪዎቹ ዘጠኝ ዓመታት በዓመት 6,000 እየታሰበ 54,000፣ ለቅነሳው 36,000 ብር ይሆናል፤ ድምሩ 108,000 ብር፣ ማለትም የስድስት ወር ደመወዝ ነው።

ይህ ጥበቃ ለባንኩ ፕሬዚዳንት አይደርስም። አዋጁ በአንቀጽ 3 የሥራ መሪዎችን ከወሰኑ አውጥቷቸዋልና፣ የባንኩ ፕሬዚዳንት፣ ምክትል ፕሬዚዳንቶቹና መሰሎቻቸው የሚተዳደሩት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በፈረሙት ውል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ለሥራ መሪ ለጋስ አይደለም። ያለአግባብ የተሰናበተ የሥራ መሪ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ቢከስ መፍትሔ አያገኝም፤ የሚወሰንለት ካሳም በጥቂት ወራት ደመወዝ የታጠረ ነው። በባንኩ ውስጥ ትልቁን ደመወዝ የሚበላው ሰው በሕግ ፊት ከገንዘብ ተቀባዩ ያነሰ ጥበቃ አለው ብል ብዙ ሰው አያምነኝም፤ ነገር ግን ነገሩ እንዲያ ነው። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ስለሚል፣ ሕጉ የነፈገውን በውል ማግኘት ይቻላል። የኃላፊዎች የቅጥር ውል ብዙ ገጽ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ በወረዳና በዲስትሪክት ደረጃ ያሉ ኃላፊዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የሥራ መሪ የሚያሰኘው የበሩ ጽሑፍ ወይም የደመወዙ መጠን አይደለም፤ በሕግ ወይም በአሠሪው ውክልና የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን በእጁ መኖሩ ነው። ደሴ ላይ «ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ የሚጠራ፣ ነገር ግን የጥበቃ ሠራተኛ እንኳ ሳይቀር የሚቀጠረው ከዋናው መሥሪያ ቤት የሆነበት የቅርንጫፍ ኃላፊ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ሠራተኛ ሊባል ይችላል፤ ያን ጊዜ አዋጁ ሙሉ ጥበቃውን ይሰጠዋል። ስለሆነም ከውህደት በፊት የሥራ መዘርዝርን፣ የውክልና ደብዳቤንና የተሰጠ የመፈረም ሥልጣንን አንድ ላይ አድርጎ ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው።

የኃላፊ የቅጥር ውል ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር የታወቀ ነው፤ የሥራ ዘመን፣ ደመወዝ፣ የቤትና የነዳጅ አበል፣ ጉርሻ፣ ሕክምና፣ ፈቃድ፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ፣ ከሥራ ሲለቅ ደንበኛና ባልደረባ ይዞ ወደ ተፎካካሪ እንዳይሄድ የሚከለክል አንቀጽ ይኖረዋል። ብዙ ክርክር የሚያስነሣው የባንኩ ቁጥጥር ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ የሚከፈለውን ስንብት የሚመለከተው ክፍል ነው። ይህ ዓይነት አንቀጽ በሰፊው የተለመደው በአሜሪካ ሲሆን፣ እዚያ የንግድ ጋዜጦች «ወርቃማ ፓራሹት» ይሉታል።

አንቀጹ ለምን ተፈለገ? ባቲ ገበያ ላይ ግመል እንዲያሻሽጥ የታዘዘ እረኛን አስቡት። ግመሉ በተሸጠ ማግሥት እረኝነቱ እንደሚያበቃ ያውቃል። ይህ ሰው ገዢ ሲመጣ ግመሉ ያነክሳል ቢል፣ ወይም አዲሱ ባለቤት እሱንም አብሮ እንዲቀጥረው በጓዳ ተስማምቶ ዋጋውን ቢያወርድ አይገርምም። የባንክ ፕሬዚዳንትም እንደዚሁ ነው። የውህደት ድርድር ሲጀመር የብድር መዝገቡን የሚያውቀው፣ የሌላውን ባንክ ጥያቄ የሚመልሰው፣ ለቦርዱ «ይሻለናል» ወይም «አይሻለንም» የሚለው እሱ ነው፤ ሁለት ባንክ አንድ ሲሆን ደግሞ ሁለት ፕሬዚዳንት አያስፈልግም። ቦርዱ ይህን ክፍያ የሚፈቅደው ሰውየው በራሱ እንጀራ ላይ እየተደራደረ እንዳይሆን ነው። ክፍያው ይህን ዓላማ እስካገለገለ ድረስ ለባለአክሲዮኑ የሚጠቅም ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ ያለፈው ግን ስጦታ ነው። ልዩነቱ ያለው በገንዘቡ መጠን ላይ ብቻ አይደለም፤ ክፍያው መቼ እንደሚነሣ በሚወስኑት ትርጓሜዎች ላይ ነው፤ እኔ ውል ሲሰጠኝ ቁጥሩን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

የመጀመሪያው «የቁጥጥር ለውጥ» የሚባለው ነው። በአሜሪካ ባንኮች ውሎች ውስጥ ይህ ለውጥ ደረሰ የሚባለው በአብዛኛው ከሚከተሉት አንዱ ሲፈጸም ነው፦ አንድ ሰው ወይም በኅብረት የሚንቀሳቀስ ቡድን ከባንኩ ድምፅ የተወሰነ መቶኛ፣ በአንዳንዱ ውል 25 በሌላው 50 በመቶ፣ ሲይዝ፤ ባንኩ ከሌላ ጋር ተዋሕዶ የቀድሞዎቹ ባለአክሲዮኖች በአዲሱ ድርጅት ውስጥ ከግማሽ በታች ድምፅ ሲቀራቸው፤ በአጭር ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ የቦርዱ አብዛኛው አባል ሲለወጥ፤ ወይም ባንኩ ንብረቱን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ሲሸጥ። እነዚህን ቃል በቃል ገልብጦ ወደ አማርኛ ውል ማስገባት ቀላል ነው፤ አደጋውም ያለው በቅለቱ ላይ ነው።

ለምሳሌ በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 መሠረት የውጭ ስትራቴጂክ ባለሀብት፣ ማለትም ድርሻ ገዝቶ በባንኩ አሠራርና አመራር ለመሳተፍ የሚገባ፣ በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ ሊይዝ የሚችለው እስከ 40 በመቶ፣ የውጭ ባለሀብቶች በጠቅላላ የሚይዙት ደግሞ እስከ 49 በመቶ ነው። እንግዲህ ውሉ «ከ50 በመቶ በላይ» የሚል ከሆነ ባንኩ በእርግጥ በውጭ ባንክ አመራር ሥር ቢወድቅ እንኳ አንቀጹ ፈጽሞ አይነሣም፤ ኃላፊው ጥበቃ አለኝ ብሎ የያዘው ወረቀት ባዶ ነው። «ከ25 በመቶ በላይ» የሚል ከሆነ ደግሞ 30 በመቶ የገዛ የውጭ ባለሀብት ነባሩን አመራር እንዳለ ለማቆየት ቢፈልግም ሁኔታው ተሟልቷል ይባላል። ለእኛ የሚስማማው ከመቶኛው ጋር የቦርድ አባላትን አብዛኛው የመሰየም ወይም ዋና ሥራ አስፈጻሚውን የመምረጥ መብት ማግኘቱን አጣምሮ የሚጠይቅ ትርጓሜ ይመስለኛል።

የቦርድ ለውጥ የሚለውም እንዲሁ ወጥመድ አለበት። በእኛ ባንኮች የቦርድ የአገልግሎት ዘመን ሲያልቅ ጠቅላላ ጉባኤው ምርጫ አካሂዶ ግማሹንም ከግማሽ በላዩንም ሊቀይር ይችላል፤ ይህ መደበኛ ምርጫ እንጂ ባንኩን የመውሰድ ሙከራ አይደለም። ትርጓሜው በነባሩ ቦርድ ወይም በመደበኛው የጥቆማ ሥርዓት የቀረቡ አዲስ አባላትን ካላገለለ፣ ፕሬዚዳንቱ ከተለመደ ጉባኤ ማግሥት «ቁጥጥር ተለውጧል» ሊል ነው።

ውህደቱ ራሱ ሌላ አስገራሚ ነገር ያመጣል። 6 ቢሊዮን ብር የሚገመት ባንክና 4 ቢሊዮን ብር የሚገመት ባንክ በዋጋቸው ልክ ተዋሐዱ እንበል። የትንሹ ባንክ ባለአክሲዮኖች በአዲሱ ውስጥ 40 በመቶ ስለሚኖራቸው ለትንሹ ባንክ ፕሬዚዳንት ቁጥጥር ተለውጧል፤ የትልቁ ባለአክሲዮኖች ግን 60 በመቶ ስለያዙ ለትልቁ ባንክ ፕሬዚዳንት ምንም አልተለወጠም። ሁለቱ ቦርዶች ተስማምተው የትንሹን ባንክ ፕሬዚዳንት መሪ ቢያደርጉ፣ ሥራውን ያጣው ባዶ እጁን ይወጣል፤ ሥራ ያገኘው ደግሞ፣ ውሉ በሚቀጥለው አንቀጽ ካልገታው፣ ክፍያ ይጠይቃል።

የሚቀጥለው አንቀጽ ክፍያው በስንት ሁኔታ ይነሣል የሚለው ነው። አንድ ሁኔታ ብቻ የሚጠይቅ ውል ባንኩ በተሸጠ ቀን ይከፍላል፤ ሰውየው ወንበሩ ላይ ቢቆይም ይከፈለዋል። ሁለት ሁኔታ የሚጠይቀው ግን ከቁጥጥር ለውጡ በተጨማሪ፣ ከዚያ ወዲህ ባለው የተወሰነ ጊዜ፣ በተለመደው ከ12 እስከ 24 ወር ውስጥ፣ ሰውየው ያለጥፋቱ መሰናበቱን ወይም በበቂ ምክንያት ራሱ መልቀቁን ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ የአክሲዮን ባለቤቶች ጫና እየበረታ ሲመጣ ሁለተኛው ዓይነት የተለመደው ሆኗል። በመካከል ያለ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ኃላፊው ለውጡ ከሆነ አንድ ዓመት በኋላ ለ30 ቀን ያህል በሚከፈት መስኮት ያለምንም ምክንያት ለቆ ገንዘቡን እንዲወስድ ይፈቅድለታል። ገዢው ባንክ ሰውየውን በጣም በሚፈልገው ጊዜ እንዲሄድ የሚጋብዝ አንቀጽ ስለሆነ እኔ ሲፈረም ማየት አልፈልግም። ባለ ሁለት ሁኔታው ውል አንድ ቀዳዳ አለው፤ ገዢው ከርክክቡ ሁለት ወር ቀደም ብሎ «አሰናብቱልኝ» ቢልና ቦርዱ ቢያደርገው ሁለተኛው ሁኔታ ከመጀመሪያው ቀድሟል ተብሎ ኃላፊው ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ጥንቃቄ የተደረገበት ውል ከለውጡ በፊት ያሉትን ጥቂት ወራት፣ ለምሳሌ ስድስት ወር፣ በጥበቃው ውስጥ ያካትታል።

ራስን ችሎ ለመልቀቅ «በቂ ምክንያት» የሚባለው ምንድን ነው የሚለውን በቅርብ ምሳሌ እንየው። ሁለት ባንኮች ደሴ ላይ እያንዳንዳቸው የዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት አላቸው። ከውህደቱ በኋላ አንዱ ይዘጋል። የተዘጋው ዲስትሪክት ሥራ አስኪያጅ፣ ውሉ ይህን ጥበቃ ይሰጠዋል ብለን እናስብና፣ አይሰናበትም፤ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው «ደመወዝዎና ደረጃዎ እንደተጠበቀ ሆኖ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ልዩ አማካሪ ሆነው ተመድበዋል» ይላል። ከሳንቲሙ አንድም አልተነካም። ነገር ግን ትናንት ብድር ያጸድቅ የነበረ፣ ከወልዲያ እስከ ከሚሴ ያሉ ቅርንጫፎች የሚጠሩት፣ ማኅተምና ፊርማ በእጁ የነበረ ሰው ዛሬ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ ልጆቹ ደሴ ይማራሉ፣ ሚስቱ ደሴ ሆስፒታል ትሠራለች። ውሉ በቂ ምክንያት የሚለው የደመወዝ መቀነስን ብቻ ከሆነ ይህ ሰው ቢለቅ በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል። የሥልጣንና የኃላፊነት በጉልህ መቀነስን፣ ተጠሪነቱ ዝቅ ወዳለ ሰው መዞሩን፣ ወይም የሥራ ቦታው ከተወሰነ ርቀት በላይ መለወጡን ከጨመረ ግን ስንብቱ ይከፈለዋል። የዚያን ሰው ዕድል የሚወስነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህ አንቀጽ ለኃላፊውም ልጓም ያስፈልገዋል። በአሜሪካ የግብር ደንብ ውስጥ ተቀባይነት ያለው አሠራር፣ ኃላፊው ሁኔታው በተከሰተ በ90 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅና አሠሪው ቢያንስ 30 ቀን የማስተካከያ ጊዜ እንዲያገኝ ይጠይቃል። ለእኛም ውሎች መልካም ልክ ነው፤ አለበለዚያ አንዱ ቅሬታውን ዓመት ሙሉ በኪሱ ይዞ ቆይቶ የተሻለ ሥራ ባገኘ ቀን ያወጣዋል።

ከዚህ ተቃራኒ ያለው «ከባድ ጥፋት» ነው፤ ጥፋት ካለ ክፍያ የለም። ማጭበርበር፣ በወንጀል መቀጣት፣ የብድር ሥርዓትን ሆን ብሎ መጣስ፣ የባንኩን ምስጢር ማውጣት በየውሉ አሉ። ውዝግብ የሚያስነሣው «ደካማ የሥራ ውጤት» የሚል ቃል ሲገባ ነው። የተበላሸ ብድር በአንድ ዓመት ቢጨምር ጥፋቱ የፕሬዚዳንቱ ነው? ወይስ ያለፉት ሁከት የበዛባቸው ዓመታት በወሎ ነጋዴ ላይ ያደረሱት ጉዳት ነው? 2014 ዓ.ም. ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ሱቁ የተዘረፈበት ተበዳሪ ዕዳውን በወቅቱ አለመክፈሉን እንደ ሥራ አስኪያጅ ድክመት የሚቆጥር ውል ፍትሐዊ አይመስለኝም። ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት፣ ባንኩ ከተሸጠ በኋላ ጥፋት አለ ወይም የለም የሚለው ቦርድ የገዢው ቦርድ መሆኑ ነው፤ ገንዘቡን ከፋዩም እሱ ነው። ስለዚህ ጠንካራ ውል የክስ ደብዳቤን፣ የመልስ ጊዜን፣ ሊታረም የሚችለውን ለማረም ዕድልን፣ አንዳንዴም የቦርዱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል።

በባንክ ላይ ብቻ የሚመጣ ጉዳይም አለ። ዋና ሥራ አስፈጻሚና ከፍተኛ ኃላፊዎች የሚሾሙት በብሔራዊ ባንክ ሲጸድቁ ነው። ከውህደቱ በኋላ ተቆጣጣሪው የአንዱን ሹመት ባያጸድቅ ወይም እንዲነሣ ቢያዝ፣ ይህ ያለጥፋት መሰናበት ነው ወይስ ከባድ ጥፋት? ውሉ ካልተናገረ ሁለቱም ወገን የሚከራከርበት ይሆናል። በሥነ ምግባር ጉድለት የመጣውን እገዳ ከጥፋት፣ በሥራ ልምድ ወይም በትምህርት መመዘኛ ለውጥ የመጣውን ደግሞ ያለጥፋት ከመሰናበት መቁጠር ለእኔ ሚዛናዊ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ክፍያው የሚሰላው በአብዛኛው ዓመታዊ ክፍያን በሆነ ቁጥር በማባዛት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለዋና ሥራ አስፈጻሚው ሦስት ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ፣ ለሌሎቹ ኃላፊዎች ሁለት ወይም አንድ ማባዣ የተለመደ ነው። ማባዣውን ሁሉም ያያል፤ የሚባዛው ምን እንደሆነ ግን ብዙ ሰው አያይም። መሠረታዊ ደመወዙ በወር 200,000 ብር፣ ልዩ ልዩ አበሉ 120,000 ብር የሆነ ኃላፊ የሁለት ዓመት ክፍያ ቢፈቀድለት፣ ውሉ «መሠረታዊ ደመወዝ» ካለ 4,800,000 ብር፣ «ጠቅላላ ክፍያ» ካለ 7,680,000 ብር ይሆናል። ጉርሻ ከገባበት ደግሞ የየትኛው ዓመት ጉርሻ ነው፣ ያለፈው ነው ወይስ የሦስት ዓመት አማካይ የሚለው ሌላ ልዩነት ያመጣል።

በአሜሪካ ለዚህ መጠን ሕግ ልጓም አበጅቶለታል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የግብር ድንጋጌ የኃላፊውን የቀደሙ አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ ይወስዳል፤ ከቁጥጥር ለውጡ ጋር የተያያዘው ክፍያ የዚያን ሦስት እጥፍ ከደረሰ፣ ከአንድ እጥፍ በላይ ባለው ገንዘብ ሁሉ ላይ ኃላፊው 20 በመቶ ተጨማሪ ግብር ይከፍላል፤ ባንኩም ያን ገንዘብ እንደ ወጪ አይያዝለትም። አማካዩ 400,000 ዶላር የሆነ ሰው ጣሪያው 1,200,000 ነው። 1,196,000 ቢከፈለው ተጨማሪ ግብር የለበትም፤ 1,200,000 ቢከፈለው ግን ከ400,000 በላይ ባለው 800,000 ላይ 160,000 ዶላር ይቆረጥበታል። አራት ሺህ ዶላር ለመጨመር መቶ ስድሳ ሺህ ማጣት ነው። «2.99» የሚል ያልተለመደ ማባዣ በአሜሪካ ውሎች ውስጥ የበዛው በዚህ ሳቢያ ነው። ቀድሞ አንዳንድ ቦርዶች ይህን ግብር ራሳቸው ለኃላፊው ይከፍሉለት ነበር፤ ዛሬ ተወዳጅነቱ ቀንሶ፣ ክፍያው እንዲቀነስ ወይም ሙሉው ተከፍሎ ኃላፊው ግብሩን እንዲችል፣ ከሁለቱ ለእጁ የሚሻለው እንዲመረጥ የሚያደርግ አንቀጽ በብዛት ይጻፋል። በእኛ አገር ግን ስንብቱ የሚታየው እንደ ሌላው የቅጥር ገቢ ሲሆን ከፍተኛው የግብር መጣኔ 35 በመቶ ነው። ጣሪያውን ማስቀመጥ ያለበት ቦርዱ ነው።

ባንኩ የታመመ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የአሜሪካ የተቀማጭ መድን ድርጅት በችግር ውስጥ ያለ ባንክ ለሚለቁ ኃላፊዎች እንዲህ ዓይነት ክፍያ እንዳይከፍል ይከለክላል፤ በቁጥጥር ለውጥ ጊዜ ሊፈቀድ የሚችለው፣ ያውም በተቆጣጣሪው ስምምነት፣ ከ12 ወር ደመወዝ ያልበለጠ ምክንያታዊ ስንብት ነው፤ ባንኩ የተላለፈው ወድቆ በተቆጣጣሪ እጅ ከገባ በኋላ ወይም በመንግሥት ድጋፍ ከሆነ ይኸውም አይፈቀድም። የወደመ ባንክን ለማዳን ከውጭ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ተቆጣጣሪው ሲስማማ ልዩ ሁኔታ አለ፤ አለበለዚያ ማን ይመጣል? የእኛም ቦርዶች ባንኩ የካፒታል ግዴታውን ማሟላት አቅቶት የሚዋሃድ ከሆነ ክፍያው እንደሚቀንስ ወይም እንደሚቀር በውሉ ቢጽፉ፣ ባንኩን ለዚያ ያደረሰው ሰው በድካሙ እንዳይሸለም ያደርጋል።

ክፍያው ሲፈጸም ኃላፊው በባንኩ ላይ ሌላ ጥያቄ እንደሌለው የሚያረጋግጥ ሰነድ ይፈርማል፤ ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ወይም በየወሩ ይሰጠዋል። በየወሩ መሆኑ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታውን ካፈረሰ ለማቆም ይመቻል። አለመግባባት ቢፈጠር በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት በግልግል ዳኝነት እንዲታይ መስማማት ይቻላል፤ የባንክ ምስጢር በችሎት አደባባይ እንዳይወጣ ለሚሻ ወገን ይሻላል።

ባለአክሲዮኑስ? በአሜሪካ ከ2010 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ማሻሻያ ሕግ ወዲህ በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ ለውህደት ድምፅ ሲያሰጥ ኃላፊዎቹ የሚያገኙትን ክፍያ በሠንጠረዥ አውጥቶ በተናጠል ድምፅ ያሰጥበታል፤ ድምፁ አስገዳጅ ባይሆንም ቦርዱን ያሳፍራል። በእኛም የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ ከጀመረና የመጀመሪያው ባንክ በ2017 ዓ.ም. ከተመዘገበ ወዲህ ግልጽነትን የመጠየቅ ልምዱ እየመጣ ነው። የእኛ ሐጂ በጠቅላላ ጉባኤ እጃቸውን አንሥተው የግለሰቡን ደመወዝ መጠየቅ ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ ክፍያው በአንድ ሁኔታ ይነሣል ወይስ በሁለት፣ ማባዣው የሚያርፈው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው ወይስ በጠቅላላ ክፍያ፣ ለስንት ኃላፊዎች ተሰጥቷል፣ ድምሩ ከባንኩ ዋጋ ስንት መቶኛ ይሆናል ብለው ቢጠይቁ ይበቃል። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ግን እንዳይረሱ እመክራቸዋለሁ። ይህ ውል ኃላፊው ሲቀጠር ወይም ምንም ድርድር በሌለበት ጊዜ የተፈረመ ከሆነ ዓላማውን ያገለግላል፤ ገዢው በር ላይ ከቆመ በኋላ የተፈረመ ከሆነ ግን ሰውየውን ከፍርሃት ነጻ የሚያደርገው ጊዜ አልፏል፤ ገንዘቡ የሚወጣው ከባለአክሲዮኑ የሽያጭ ዋጋ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀኖችን ይጠይቁ፤ ውሉ የተፈረመበትን ቀንና ቦርዱ ስለ ውህደቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቃለ ጉባኤ የተነጋገረበትን ቀን።